ፊቱ የተቀየረው ልጅ እናት

ታክ ማል-ሱን መሞቷን የሰማችው ጥርሷን እየቦረሸች ሳለ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ማጠፊያው ከላላ ቆይቷል። ልጇ ቦም-ሱ «ዛሬ እሠራዋለሁ፣ ነገ እሠራዋለሁ» ሲል ከርሞ በሩ አሁንም አይገጥምም፤ ወጥ ቤት የሚወራው ሁሉ ከውሃው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ምራቷ ሄ-ሪም ስልኳን እያነበበች ነበር። «የድራማው ምዕራፍ ሁለት የሚጀምረው እናትየዋ ከሞተች በኋላ ነው ይላል» አለች። «ገድለዋታል ማለት ነው።»  ከዚያ ቦም-ሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዝም በይ። መጀመሪያ ፊርማውን ታምጣ፣ ከዚያ እነግራታለሁ» አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ በማል-ሱን ቤት ግን በዚያ በር ምክንያት ተረቱ አይሠራም። አረፋውን ተፋች፣ አፏን ተጉመጠመጠች፣ ፊቷንም ከወትሮው ቀስ ብላ አደረቀች።

ቁርሱ እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ ሩዝ፣ የባቄላ ቡቃያ ሾርባ፣ በቅመም የተብላላ የጎመን ኪምቺ፣ ለቦም-ሱ ብቻ የተጠበሰ እንቁላል። ስለ ጎመን ተወራ። አንድ ጥቅል ጎመን ሰባት ሺህ ዎን ገብቷል፣ በዚህ ዓይነት ለክረምቱ ኪምቺ ማዘጋጀት የባለጠጋ ሥራ ሊሆን ነው አለች ሄ-ሪም፤ ማል-ሱንም በገበያው ጀርባ ያለችው ሴትዮ ቅናሽ ታደርጋለች አለች። የአርባ ሁለት ዓመት ጎልማሳ የሆነው ቦም-ሱ ሾርባውን ድምፅ እያሰማ ጠጥቶ ሲጨርስ፣ ከወንበሩ ጀርባ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ነጭ የፊርማ ሰሌዳ አወጣና በጠረጴዛው ላይ፣ በኪምቺው ሳህን በኩል፣ ወደ እናቱ ገፋው። «ለሱቁ ነው እማዬ። "ለቦም-ሱ ዶሮ ቤት" ብሎ ይፈርምልኝ። እንደ ዶ-ጂን ያለ ዝነኛ ተዋናይ የፈረመበት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሰልፍ ነው የሚሆነው።» ማል-ሱን ሰሌዳውን አላነሳችም። ልጇን አየችው። አስተያየቷ ረዘመና ሄ-ሪም ቾፕስቲኳን አስቀመጠች። «ምነው?» አለ ቦም-ሱ። «ምንም» አለችና ሰሌዳውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሱቁ ከፎቁ ሥር፣ ማንግዎን ገበያ ጥግ ላይ ነው። በሩ ላይ ከካርቶን የተሠራች ሌላ ማል-ሱን ቆማለች፤ ሽርጥ ታጥቃ፣ ጭልፋ ይዛ፣ ከአፏ በወጣች ደመና ውስጥ «ልጄ፣ ሳትበላ አትሂድ» የሚል ተጽፎላት። ፀሐይ ጉንጯን አንጥቶታል። የቦም-ሱ ዶሮ ከጎረቤቱ ዶሮ በሁለት ሺህ ዎን ይወደዳል። ዶሮው አንድ ነው፣ ዘይቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ካርቶኗ ናት። ቦም-ሱ ባለፈው ዓመት ዋጋውን ሲጨምር እናቱን አላማከራትም፤ ካርቶኗንም ሲያሠራ አላማከራትም ነበር። ማል-ሱን በራሷ ፊት አልፋ ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

ወደ ስቱዲዮው በሚወስደው የፓጁ አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀመጠች፤ በጨርቅ የተቋጠረ የክብር ልብሷን ጭኗ ላይ ይዛለች። ረዳት ዳይሬክተሯ ባለፈው ሳምንት ደውላ «የአገር ልብስ ይዘው ይምጡ መምህር፣ አረንጓዴው ቢሆን ደስ ይለናል» ብላት ነበር፤ በስቱዲዮው አንጋፋ ተዋናይ «መምህር» ነው የሚባለው። ማል-ሱን በድራማው ያለው ልጇ ሊያገባ ነው ብላ ተረጎመችው፤ በሕዝብ መታጠቢያው ለምታገኛቸው ሴቶች ሁሉም ነገረች፤ እነሱም ጀርባዋን እያሹ ሙሽራይቱ ማን እንደሆነች ለማወቅ ወጥረው ያዟት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየድራማው ዓሣ ሻጭ ሆናለች፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የምታለቅስ አክስት ሆናለች፣ ቁልፍ አቀብላ የምትጠፋ አከራይ ሆናለች። ድራማው አልቆ ስም ሲያልፍ የእሷ ከ«ሴት ሁለት» ጎን ነበር የሚጻፈው። በ«የዳገቱ ሾርባ ቤት» ግን ስም ተሰጣት፤ እመት ዎል-ሱክ። መንገድ ላይ የሚያገኟት ሰዎች በዚያ ስም ይጠሯታል፣ እሷም ዞር ትላለች። አሁን በስልሳ ስድስት ዓመቷ ያንን ስም ሊወስዱባት ነው። ወሬ ይሆናል አለች ለራሷ፤ ኢንተርኔት ያልገደለው ማን አለ። ፕሮዲዩሰሩን ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ፣ ነገሩ ካልተቆረጠም እለምነዋለሁ ብላ ወሰነች። ልመና አትወድም፤ ግን ለስም ይለመናል።

ስቱዲዮው ፊት ለፊት፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ የመጀመሪያው ቀን ሥርዓት፣ ለቀረጻው መልካም ዕድል የሚሰገድበት፣ ተሰናድቷል። ረጅም ጠረጴዛ፣ በቀይ ባቄላ የተነባበረ የሩዝ ኬክ፣ በነጭ ክር የተጠቀለለ ደረቅ ዓሣ፣ በሳህን የሩዝ ጠላ፤ መሐል ላይ ደግሞ የተቀቀለው የአሳማ ራስ። ፈገግ ያለ ራስ ካኮረፈው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ይሄኛው ፈገግታው ከጆሮ እስከ ጆሮ ነበርና ምርት ክፍሉ እንዳልሰሰተ ያስታውቃል። ጣሪያው ላይ የአዲሱ ምዕራፍ ሸራ ተዘርግቷል። ከፊት የቆመው ሶክ ዶ-ጂን ነው፤ ከጎኑ አንዲት የማታውቃት ቆንጆ ልጅ አለች፤ ከእግራቸው ሥር ውሻው ተቀምጧል። ያለፈው ምዕራፍ ልጇ ማንግ ዩ-ቻን የለም። እሱ የተሻለ የሚከፍል ድራማ አግኝቶ ከሄደ ቆይቷል፤ ሲሄድም ለጋዜጠኞች «ሾርባ ቤቱ የልቤ ቤት ነው» ብሎ ነበር። የልብ ቤት ኪራዩ ርካሽ ነው። ማል-ሱን ሸራውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ፈለገችው። ሾርባ ቤቱ ራሱ ተለውጧል፤ ድስቷ የነበረበት ቦታ ላይ የቡና ማሽን ተተክሏል።

ፕሮዲዩሰር ናም ሁለት እጁን ዘርግቶ እየሮጠ መጣ። ቀጭን ሰው ነው፤ አንገቱ ላይ ሁልጊዜ ሻርፕ አለ፤ ከሰው ጋር ሲያወራም ዓይኑ ከሰውየው ጀርባ የሚመጣውን ይጠብቃል። «መምህር፣ እርስዎማ በየዓመቱ ወጣት ነው የሚሆኑት» አላት።

«ሞቻለሁ አሉ» አለች ማል-ሱን።

ናም ሻርፑን ነካ ነካ አደረገ። «እንዴት እንደሞቱ ቢያውቁ ደስ ይልዎት ነበር። ሕመም የለ፣ ሆስፒታል የለ። በእንቅልፍዎ ነው።»

«የትኛው ክፍል ላይ?»

«አይታይም። በሁለቱ ምዕራፎች መካከል ነው።»

መለመን የፈለገችው እዚህ ላይ ነበር፤ እሱ ግን ፋታ አልሰጣትም። ነገሩን እንደ አንድ የሚያኮራ ግኝት ያብራራላት ጀመር። ዶ-ጂን ረጅም ነው፣ አፍንጫው ቀጥ ያለ ነው፣ ድምፁም ሌላ ነው፤ ተመልካች ግን አዲስ ፊት ይለምዳል፣ ሁለት ክፍል ካየ የድሮውን ይረሳዋል። የማያስረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናት። እሷ አጠገቡ ቆማ «ልጄ» ካለችው ሰው ሁሉ ያወዳድራል፣ ሰው ሁሉ የድሮውን ልጅ ያስታውሳል። ስብሰባ ላይ ብዙ ተጨቃጭቀው ነው እዚህ የደረሱት፤ ከቴሌቪዥን ጣቢያው የመጣ ሰው እንኳን አጨብጭቧል።

«ልጁ ፊቱን ስለቀየረ እናቱ ትሙት ተባለ» አለች ማል-ሱን።

«እንዲህ ሲሉት ደስ አይልም መምህር።»

«ሚስቱስ?»

«እሷም አዲስ ናት። ዶ-ጂንን የሚወክለው ድርጅት አብሮ ያቀረባት ልጅ ናት። ሾርባ ቤቱን ካፌ ታደርገዋለች።»

«ውሻውስ?»

የናም ፊት በራ። «ውሻው አለ። ውሻውንማ ብንነካ ተመልካች አይምረንም።»

ውሻው ኮንግ ይባላል። ስሙ ሲነሳ ከአሠልጣኙ እጅ አምልጦ መጣና የማል-ሱንን ቀሚስ ጫፍ አሽትቶ ጅራቱን ወዘወዘ። ከነባሮቹ ተዋንያን ሁሉ ሥራው የቀጠለለት እሱ ብቻ ነው፤ በሸራው ላይ ካሉት የሚያውቃትም እሱ ብቻ ሆነ። አሠልጣኙ ይቅርታ ጠይቆ ጎትቶ ወሰደው።

ስግደቱ ተጀመረ። ናም ሰገደ፣ የገንዘብ ፖስታውን በአሳማው አፍ ሸጎጠ፣ የተመልካች ቁጥር እንዲሰምር፣ ማንም እንዳይጎዳ ለመነ። ዳይሬክተሩ ሰገደ። ዶ-ጂን ሰገደና ፎቶ አንሺዎች እንዲያነሱት ሁለተኛ ሰገደ። ባለፈው ምዕራፍ ማል-ሱን ከመሪ ተዋናዩ ቀጥላ ነበር የሰገደችው፤ ጉልበቷ እየተንቋቋ፣ ከልቧ። ዛሬም ፖስታዋን አዘጋጅታ መጥታለችና ተራዋን ጠብቃ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ አንድ እግሯን አሳረፈች። ናም ክንዷን ያዘ። «መምህር፣ ቅር አይበልዎትና… ሟች ከሰገደች ገደ ቢስ ነው ይላሉ። ለተመልካች ቁጥሩ።» «ማነው የሚለው?» አለችው። «ሰዎች ናቸዋ» አለ ናም፣ ዓይኑን ከጀርባዋ ወዳለው ሰው ልኮ። ያ ሁሉ ሕዝብ የሩዝ ኬኩን ያያል። ሬሳን በእንቅልፍ አጋድሞ በስልክ መጥራት፣ ልብስሽን ይዘሽ ነይ ማለት ገደ ቢስ አይደለም፤ የሟች ጉልበት ግን ገደ ቢስ ነው። ማል-ሱን እግሯን አንስታ ጫማዋን አጠለቀች። በጣም አፈረች፤ ማፈር ያለባት እሷ አለመሆኗን እያወቀች አፈረች፤ ያናደዳትም እሱ ነው። ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከነጩ ሰሌዳ ጎን መለሰችው።

የተጠራችው ለፎቶ ነበር። አዲሱ ምዕራፍ በሙት ዓመቷ ይከፈታል፤ ለሙት ዓመት ደግሞ ጥቁር ሪባን የሚታሰርበት የሟች ፎቶ ያስፈልጋል። ካለፈው ምዕራፍ ምስል ለምን አልቆረጣችሁም ብትል፣ በሁሉም ላይ ዩ-ቻን አጠገቧ አለ አሏት። አረንጓዴ ልብሷን ለብሳ በግራጫ መጋረጃ ፊት ተቀመጠች። የሜካፕ ሠራተኛዋ ጆንግ፣ ያለፈውን ምዕራፍ ሙሉ ፊቷን የሠራችላት ሴት፣ ፀጉሯን እያቃናች «እትዬ፣ እኔስ ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት» አለቻት፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚባል ስላላወቀች ዱቄቱን ሁለት ጊዜ ቀባቻት። ፎቶ አንሺዋ ልጅ እግር ናት፤ ትሑት ናት። «ትንሽ ፈገግ ይበሉልኝ» አለች። ማል-ሱን የአሳማውን ራስ አስታወሰችና ፈገግታዋ ሳይመጣ ቀረ። ልጅቷ ካሜራዋን ዝቅ አድርጋ አሰበችና «ይተዉት፣ አይሳቁ። ልጅዎ እዚህ፣ ከፊትዎ ቆሞ እንደሆነ ብቻ ያስቡ» አለቻት። ማል-ሱን ሞከረች። ዶ-ጂንን አሰበችው፤ ምንም አልመጣም። ዩ-ቻንን አሰበችው፤ ሾርባዋን ሳይቀምስ «ይጣፍጣል» የሚል ልጅ ነበር፣ እሱም አልቆየም። ከዚያ ሳትጠራው የዛሬው ጠዋት መጣባት፤ ጠረጴዛው፣ ኪምቺው፣ እየተገፋ የሚመጣው ነጭ ሰሌዳ። ካሜራው ቀጭ አለ። ፎቶ አንሺዋ ስክሪኗን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄኛው ነው» አለች። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ሆኖ፣ አንድ እግሩ ኮሪደር ላይ፣ በጨረፍታ አይቶ «ክብር አለው፣ ይታተም» ብሎ ሄደ።

ሥራዋ አልቋል፤ ወደ ከተማ የሚመለሰው የሠራተኞች መኪና ግን ከሰዓት በኋላ ካልሆነ አይነሳም። ፊርማውን ያገኘችው በምሳ ሰዓት ነው። ዶ-ጂን ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ ፀጉሩን ያሠራል። ሲያያት ተነሥቶ አጎነበሰ፤ ሥርዓት አለው፣ ይህን መካድ አይቻልም፤ ሥርዓት ድርጅቱ ያስተምራል። ሰሌዳውን ተቀብሎ እስክሪብቶ ከፈተ። «ለማን ልበል መምህር?» «ለልጄ» አለችው። ሳቀ። «ታዲያ ለራሴ ነዋ።» ቦም-ሱ ዶሮ ቤት ብላ አስጻፈችው። ሲመልስላት ደግሞ፣ ጨዋነቱ እንዳይጎድል አስቦ መሆን አለበት፣ «ይቅርታ፣ የእርስዎን ስም ማን ልበል? ቃለ መጠይቅ ላይ እናቴ የነበሩትን አመሰግናለሁ» አላት። የሚያለቅስላትን ሴት ስም አያውቅም። ማል-ሱን «ሴት ሁለት» አለችው። እሱም አንገቱን ነቅንቆ በቁም ነገር ያዘው።

ከምሳ በኋላ ሙት ዓመቱ ተቀረጸ። ማል-ሱን ከካሜራው ጀርባ ከጆንግ ጋር ቆማ አየችው። ፎቶዋ ጥቁር ሪባን ታስሮበት ከዓሣው፣ ከፖሙና ከሩዙ በላይ ተቀምጧል። የቤቱ ሰው ተሰልፎ ሲሰግድ በሰፊው የሚያሳየው ምስል ከምሳ በፊት ተቀርጿል፤ መሪ ተዋናዩ ጠዋቱን በፎቶ አንሺዎች ስላሳለፈ፣ በእሱ ምትክ ሌላ ወጣት ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ከሚስትየዋና ከውሻው ጋር ያለውም ሁሉ አልቋል። የቀረው ልጁ ሰግዶ፣ ቀና ብሎ፣ እናቱን አይቶ ማልቀስ ብቻ ነው። ዶ-ጂን ሰገደ። ቀና አለ። አየ። ቆመ። «እንደገና» ተባለ። ቀና አለ፣ አየ፣ ጆሮ ግንዱን አከከ። የዓይን ጠብታ መጣለት፤ ጠብታው በጉንጩ ወረደ፣ ፊቱ ግን የአውቶቡስ ቁጥር እንደጠፋበት ሰው ፊት ሆነ። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች ጆንግ በሹክሹክታ። በመጨረሻ ዶ-ጂን ጉልበቱ ላይ እንዳለ ዞረ። «ፎቶው መቀየር አይቻልም?» አለ። «ሴትየዋ እኮ… እንደማታውቀኝ ነው የምታየኝ።»

 ዳይሬክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶውን ጠጋ ብሎ አየው። ናም ሻርፑን ፈቶ አሰረ። መቀየር አይቻልም፤ ፎቶው በሰፊው ምስል ላይ ገብቷል፣ ያንን እንደገና መቅረጽ ማለት የአንድ ቀን ኪራይ ነው፤ በዚያ ላይ ፎቶው እስከ መጨረሻው ክፍል ካፌው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ተንሾካሾኩ። በኋላ ናም መጥቶ ዶ-ጂን አጠገብ ቁጢጥ ብሎ «ቀና አትበል» አለው። «በሰገድክበት ቆይ። ዓይንህን መሬት ላይ አድርግ። ትሕትና ይመስላል።» እንደዚያው ተደረገ። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ፊት ምንጣፍ ላይ ተደፋ፤ ከላይ ሆና ማል-ሱን ታየዋለች። ደስ አላት። ክፉ ደስታ ነበር፣ አላፈረችበትም። በየክፍሉ፣ በየሳምንቱ፣ በዚያ ካፌ በገባ በወጣ ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ነው። ለመኪናው ስትወጣ ፎቶ አንሺዋ ተከትላ መጥታ ትርፍ የታተመውን ኮፒ በፖስታ ሰጠቻት። «ለእኔ ከሁሉም ጥሩው ይሄ ነው» አለች። «ለማን አስበው ነው እንደዚያ ያዩት?» ማል-ሱን ገብታ ተቀመጠች፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ። ደስታዋ ማንግዎን አልደረሰም። መንገድ ላይ እያለች፣ ጥያቄውን ለራሷ ስትመልስ፣ እንደ በረዶ ቀለጠ።

ሱቁ የደረሰችው ገና ሳይመሽ፣ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች እየተቀመጡ ሳለ ነው። በሩ ላይ ካርቶኗ የለችም። ወደ ወጥ ቤት የሚያስገባው ጠባብ ኮሪደር ውስጥ፣ ከዘይት ጀሪካኖቹ ጀርባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማ አገኘቻት። ጭልፋዋ ተጣጥፏል። ሄ-ሪም ተከትላት መጣች። «ነፋስ እንዳይጥላት ብዬ ነው እማማ» አለች። ውጭ የገበያው ፕላስቲክ ድንኳን እንኳን አይንቀሳቀስም ነበር። ማል-ሱን አንድ ጠረጴዛ ይዛ ተቀመጠች። ቦም-ሱ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ግማሽ ዶሮ አመጣላት፤ እግሩንና ክንፉን፣ እሷ የምትወደውን። እንግዲህ ሊነግራት ነው፤ ሲፈራ ያበላል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው።

«ፊርማውስ?» አለ።

ሰሌዳውን አውጥታ ሰጠችው። ሄ-ሪም ከትከሻው በላይ አንብባ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ቦም-ሱ ምስማር ፍለጋ ሄዶ መዶሻ ይዞ ተመለሰ። ከገንዘብ መቀበያው በላይ፣ የበጋው የቢራ ማስታወቂያ የነበረበት ቦታ ላይ ተሰቀለ። ደንበኞች ስልካቸውን አነሱ። ቦም-ሱ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየው፤ ደረቱ ተነፋ። ከዚያ እናቱ ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ። «እማዬ… ስለ ድራማው አንድ ነገር አንብበን ነበር» አለ። «አትዘኚ። አየሽ፣ ሲያልቅ ሁሉም ነገር—»

«ይኼንንም ስቀለው» አለችውና ፖስታውን በጠረጴዛው ላይ፣ በዶሮው ሳህን በኩል፣ ወደ እሱ ገፋችው።

ቦም-ሱ ፎቶውን አወጣ። የእናቱን አረንጓዴ ልብስ አየ፣ የተቃናውን ፀጉር አየ፣ ከዚያ ዓይኖቿ ላይ ደረሰ፤ እዚያ ቆመ። ዘይቱ ይንጨረጨራል። ደንበኛ ቢራ ጠራ፤ ሄ-ሪም ሄደች። ፎቶውን ራቅ አድርጎ ያዘው፣ ቀረብ አደረገው። ከንፈሩ ተላቀቀ።

«ይሄን አስተያየት አውቀዋለሁ» አለ። «የት ነበር ያየሁት?»

«ዛሬ ጠዋት» አለች ማል-ሱን ክንፉን እያነሳች። «ቁርስ ላይ።»

ቦም-ሱ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ሊደፋው ጀመረና ተወው። ቀና ብሎ እናቱን ማየት ነበረበት። እጆቹን አየ፣ መዶሻውን አየ፣ ከዚያ ወለሉን ማየት ጀመረ።